የግድግዳዬ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ገብታ ዝም ትላለች። ደንቡ ይኼ ነው፤ እናቴም የእናቴም እናት እንዲሁ አድርገዋል። እኔ ግን አሶሳ ላይ ሽማግሌ የተላከልኝ ቀን፣ የቀርከሃውን በር በርግጄ ሽማግሌዎቹ መሃል ዘልዬ ገባሁና «እሱ እኮ እግዚአብሔር ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ዛሬ ሳወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልናገር።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ በኪራይ ቤት ተቀምጠው፣ የታፔላቸው ቀለም ሳይደርቅ ሥራ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ትናንት አጠገቤ ባለው ክፍል ጠመኔ ይዞ ሲያስተምር የነበረው ሰው፣ ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ ሆኖ ክራቫት አስሮ ያልፋል። ስብሰባው አያልቅም፤ ሁሉም ሰው ይሮጣል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረብኝ። ግርግሩን በጣም ወደድኩት። አንድ ነገር ዓይኔ እያየ ከዜሮ ሲጀመር ማየት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ በደስታ ማለቴ ነው። ያልተዋጠልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ስምሽን ሳይጠይቅ «ብሔርሽ ምንድን ነው?» ማለት መጀመሩ። የዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሰውን እየቆጠረ ይመድብ ነበር።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አንድ የበርታ አዛውንት ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ማሽላ ያርሳሉ፣ ግቢያቸው መሃል ጥላው መንገዱ ድረስ የሚወርድ የማንጎ ዛፍ አለ። ባለቤታቸው ገበያ ላይ ባሚያና ተዘፍዝፎ ቀይ መጠጥ የሚሆነውን የከርከዴ አበባ ይሸጣሉ። አማርኛን ሁለቱም ከጎለመሱ በኋላ የለመዱት ስለሆነ «አንቺ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ እኔም፣ ፍየሏም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ ሁላችንም «አንተ» ነን። እኔ «አባባ» እና «እማማ» እላቸዋለሁ። እነሱ «ቢንቲ» ይሉኛል። ከዐረብኛ የገባ ቃል ነው፣ ልጄ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ክረምቴ ወባ ሲጥለኝ፣ የሰው ጋሪ ለምነው ሆስፒታል ያደረሱኝ አባባ ናቸው። እማማ የማሽላ ገንፎ በባሚያ እያጎረሱ አስነሡኝ። ብሔሬን አልጠየቁኝም። የወለደኝ አባቴ የሞተው ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ አባት ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት እዚያ ግቢ ነው ብል አላጋነንኩም። ከትምህርት ቤት ስገባ አባባ ከማንጎው ሥር ቀና ብለው «መጣህ ቢንቲ?» ሲሉኝ፣ ያ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ከቤት ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከልብሱ መሃል፣ የሥላሴን ሥዕል አስቀምጣልኝ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ በየቤቱ ያለው ነው። ፂማቸው የነጣ ሦስት አዛውንት፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዙፋን ላይ። ካርቶን ላይ ለጥፌ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ከፊቱ ቆሜ አማትባለሁ፣ ጸሎቴን በጥድፊያ አደርሳለሁ፣ ደብተሬን ይዤ እሮጣለሁ። እውነቱን ለመናገር አላየውም ነበር። ግድግዳ ላይ የከረመን ነገር ማን ያየዋል?

እማማ ግን ያዩታል። ክፍሌ በገቡ ቁጥር ቀና ብለው ተመልክተውት «ዘመድ ደህና ነው?» ይሉኛል። እኔም ጎጃም ስላለው ቤተ ዘመድ የጠየቁኝ መስሎኝ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጣሪያዬ ያፈሰሰ ዕለት፣ ከመጻሕፍቴ በፊት ያወረዱት ሥዕሉን ነው፤ በሚከናነቡት ጨርቅ ቀስ አድርገው ጠረጉት። እኔ ደግሞ የሰው ሃይማኖት ማክበር እንዲህ ነው ብዬ በሆዴ መረቅኋቸው።

ከዚያ ከጎረቤት ከተማ፣ ከባምባሲ፣ አንድ ልጅ መጣ። ውሃ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ጫማው ላይ ጭቃ ያላየሁበት ቀን የለም። ዝምተኛ ነው፣ ለእኔ ዓይነቷ ለፍላፊ የተፈጠረ። ልንጋባ ተስማማን። እናቴ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣበት ጉልበት አልነበራትም፤ «አብራ የምትኖራቸው ሰዎች በእኔ ቦታ ሆነው ይስጧት» ብላ በሰው ላከችልኝ። አባባን ስለምናቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እሺ ቢንቲ» አሉኝ። ደስታዬን የት ላድርገው! በማግስቱ ክፍልፋይ ሳስተምር ብቻዬን ስስቅ፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋናው ተናጋሪ የእጮኛዬ አጎት ነበሩ፤ በጭነት መኪና ተጭነው ከባምባሲ የመጡ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ነገር ሲዘገይ የማይወዱ ሰው። እኔ በደንቡ መሠረት ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን የቀርከሃው ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ሰላምታው ተሰጠ፣ ከርከዴው ተጠጣ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ተባለ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ መስጠት አይችልም» አሉ።

ጆሮዬን አጥብቄ ለጠፍኩ።

«እኔ ቤት አከራይ ነው። እሺ ብዬ ነበር፣ ሚስቴ ግን ትናንት አስታወሰኝ። ይህ ልጅ ትልልቅ ሰው አለው። ሦስት ሽማግሌ፣ ያባቱ ወንድሞች። ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ። ሁሉ በሕይወት አለ። ሚስቴ ይጠይቃል፣ ልጁ ‹ደህና ናቸው› ይላል። እነሱ ሳይጠየቅ እኔ ብሰጥ ነውር ነው። እነሱን ጥሩ።»

«እንዴ!» አሉ የእጮኛዬ አጎት፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ልጅቷ አባትም አጎትም የላትም ተብለን አይደል እንዴ የመጣነው?»

ዋሽታለች ማለታቸው ነው። በሩን የበረገድኩት ይሄኔ ነው።

«እሱ እኮ እግዚአብሔር ነው!»

የእጮኛዬ አጎት አማተቡ። እማማ መከናነቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዓመት በላይ የእግዚአብሔርን ጤንነት ሲጠይቁ እንደኖሩ ያኔ ነው የገባቸው። አባባ እኔን ሳይሆን የክፍሌን በር ነው ያዩት።

«ሦስቱም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሦስቱም። ማለቴ፣ አንድ ነው!»

«ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ አላህ?»

«አዎ!»

«አንተ ሒሳብ አስተማሪ አይደለህም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከማንም በፊት የምስቀው እኔ ነበርኩ። አባባ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቀው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሯቸው። ሁሉም ከወጡ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስማ ቢንቲ» አሉኝ። «አባት ሆኖ የሚሰጥ ሰው ይመርቃል። ምርቃት ጨዋታ አይደለም። እኔ አንዱን ነው የማውቀው። አንተ ሦስት ካለህ፣ በማን ስም ልመርቅህ? በማላውቀው ስም መርቄ አልዋሽም። ይህን ንገረኝ፣ እሰጣለሁ። ካልነገርከኝ እወድሃለሁ፣ ግን ሌላ ሰው ይስጥ።»

እንዲህ ሆነና አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ለአባባ ማስረዳት፣ አለዚያ ያለ አባት መዳር። ለፈተና እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ፀሐይን ይዤ ቀረብኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ፀሐይ አንድ ናት፣ ግን ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት። በኩራት ጨርሼ ጠበቅሁ። አባባ ዓይናቸውን ከልለው ሰማዩን አዩ። «ፀሐይ ይጠልቃል» አሉና ወደ ማሽላቸው ሄዱ። በማግስቱ «በስም ሦስት፣ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ፣ በባሕርይ አንድ፣ በፈቃድ አንድ» እያልኩ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ወረድኩባቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «ጥሩ ያነበንባል» አሉ ለእማማ። ያ ከስድብ በላይ ነበር የቆረጠኝ፤ እኔ ራሴ ለሚሸመድዱ ተማሪዎች የምላትን ነው ያሉኝ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። «ምሥጢር ነው ልጄ፣ ተመራምሮ የጨረሰው የለም» አሉኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው ግን ጨመሩ፤ «የሸመደድሽውን ተይውና የምታምኚውን ንገሪያቸው።» የምታምኚውን! ምን ነበር የማምነው? እየሄድኩ አሰብኩት፣ ልብስ እያጠብኩ አሰብኩት። ጠዋት ጠዋት «በአንድ አምላክ እናምናለን» የምለው ስለማምን ነው ወይስ አፌ ስለለመደው? አባባ ያዩትን ሦስት ሽማግሌ እኔም በልቤ እያመለክሁ ኖሬ ቢሆንስ? ይኼ ሐሳብ ሲመጣብኝ ሠርጉን እንኳ ረሳሁት።

እጮኛዬ በደህና ቀኑ አንድ ቃል የማይናገረው ሰውዬ፣ ያን ሳምንት አፉን ከፈተ። «የትምህርት ቤታችሁ ዳይሬክተር ለምን አይሰጡሽም? ክርስቲያን ናቸው፣ ነገሩ ያልቃል» አለኝ።

«ወባ ሲጥለኝ ዳይሬክተሩ የት ነበሩ?» አልኩት። «እኔ አባት አለኝ! ከማንጎው ሥር ተቀምጧል!» ጮኼ ነው የነገርኩት፤ መንገደኛ ዞሮ አየን። እስከ ቅዳሜ አኮረፍኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላ የምለው ሲጠፋኝ፣ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ ይዤ ወጣሁ። አባባ ከማንጎው ሥር በገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ እማማ ከርከዴ ቀድተውላቸዋል። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ቅር ብሏቸው ወደ ጉልበታቸው ገፋ አደረጉት፣ ግን መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

«እኔ ይህን ሴት ስፈልግ» አሉ ወደ እማማ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ሦስት አጎት ነበረው። ትልቁ እሺ አለ። ሁለተኛው ዝናብ ይለፍ አለ። ትንሹ እንቢ አለ። ትንሹ እንቢ ሲል እኔ ወደ ትልቁ ሮጥሁ። ትልቁ ትንሹን ተቆጣ። ትንሹ ደግሞ ሁለተኛውን ወደ እሱ ሳበ። ስንት ጊዜ ተመላለስሁ! ሦስት ሰው ሦስት አፍ ነው ቢንቲ። እኔ የፈራሁት ይህን ነው። አንተ ወባ ሲይዝህ ማንን ለመንክ? ትልቁን?»

«ትልቅ የለም» አልኩ ሳላስበው።

«የትኛው ነው ትልቅ?» ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አደረጉ። «አሳየኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዕድሜ ልኬን ከፊቱ ቆሜ ያማተብኩበትን ሥዕል ያን ቀን ገና አየሁት። ፊቱ አንድ ነው። ፂሙ አንድ ነው። ፀጉሩ የተከፈለበት መስመር፣ የልብሱ እጥፋት፣ የተነሣው እጅ፣ የዓይኑ አስተያየት፣ ሁሉም አንድ ነው። ልጅ ሆኜ ሠዓሊው ሰንፎ አንዱን ፊት የደጋገመው ይመስለኝ ነበር። ስንፍና አይደለም! አውቆ ነው! የሚሥለው ሰው ሦስት ማለት ነበረበት፣ ሦስት ብሎ ደግሞ ታላቅና ታናሽ እንዳይፈለግ፣ አንዱ ለብቻው የሚያስበው ነገር እንዳይኖር፣ እጁን ይዞ አንድ ፊት ብቻ ሰጣቸው።

ብድግ ስል ከርከዴውን ደፋሁት። ቀሚሴ ቀይ ሆነ፤ ማን ግድ ሰጥቶት!

«አባባ፣ ትልቅ የለም! ትንሽም የለም! ይዩት፣ ይዩት እንጂ! እማማ፣ ይምጡ!» እያልኩ የማንጎውን ግንድ እዞረዋለሁ። «የእማማ አጎቶች ሦስት ፈቃድ ነበራቸው፣ አንዱ እንቢ ሲል እርስዎ ወደ ሌላው ሮጡ። እኔ የምሮጥበት የለኝም! አብ የወደደውን ወልድ የማይወድበት፣ ወልድ የሰጠውን መንፈስ ቅዱስ የሚነጥቅበት ጊዜ የለም። ፈቃዱ አንድ፣ ሥልጣኑ አንድ፣ ዙፋኑ አንድ! ወባ ሲይዘኝ ‹እግዚአብሔር ሆይ› ብቻ ነው ያልኩት፤ አንዱ ሰምቶ ሌላው ቀርቶብኛል ብዬ አላውቅም። ለማን እነግረዋለሁ? ሌላ እኮ የለም!»

ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያ የሸመደድኩት «በፈቃድ አንድ» የሚለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሙ ገባኝ። የማምነውን አገኘሁት። ሠርግ ቢቀር ይቅር፣ ያን ሰዓት ዓለም የኔ ነበረች።

አባባ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንቀሳቀሱ ሥዕሉን ደግመው አዩት።

«አንዱ እንቢ ቢልህ፣ ወደ ሌላ በር አትሄድም?»

«በር የለም።»

«አንዱ ቢቆጣህ፣ ሌላው አይደብቅህም?»

«ሌላ የለም አባባ። መሸሻ የለኝም።»

«ወላሂ?»

«ሥላሴን!» አልኩ፣ በለመደው አፌ።

እማማ ከትከት ብለው ሳቁ። አባባም ፂማቸው ውስጥ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን አስተካከሉ።

«እኛ እሱን አንሥልም» አሉኝ። «ልጅ አለው አንልም። ይህን እኔ አልቀበልም። አንተም ለእኔ ደስ እንዲል ብለህ አትተው፤ ለሰው ብሎ የሚተው ሰው እምነት የለውም።» ሥዕሉን አንሥተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «ሂድ፣ ልብስህን እጠብ። ነገ ሽማግሎቹ ይምጡ።»

እሰጣለሁ አላሉም፣ አልሰጥም አላሉም። እማማን በዓይኔ ጠየቅኋቸው፤ ትከሻቸውን ሰበቁ። እኔ የማምነውን ነግሬአለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሚያምኑትን ነግረውኛል። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጡ አይቀመጡ የማውቀው ነገር አልነበረም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የእጮኛዬ አጎት ዛሬ ሐሳባቸውን ጠቅለል አድርገው መጥተዋል፤ ገና ሳይቀመጡ «እንግዲህ ልጅቷን የሚሰጥ ሰው አለ ወይስ የለም?» አሉ። እጮኛዬ ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ በቀርከሃው ቀዳዳ ጫማው በአጥሩ ሥር ይታየኛል፤ ዛሬም ጭቃ ነው። እኔን እማማ ራሳቸው ጓዳ አስገብተው «ዛሬ በር አትሰብርም» ብለው አስምለውኛል። ጆሮዬን ቀርከሃው ላይ ለጠፍኩ።

አባባ ተነሡ። ምርኩዛቸው ወለሉን ሲነካ ሰማሁት።

«ይህ ልጅ አባት ሞቶበታል» አሉ። «እኔ ሦስት አጎት አለው ብዬ ነበር። ተሳሳትሁ። አጎት የለውም። ሦስትም የለውም። ያለው አንድ ነው።»

ምርኩዛቸው አንዴ ወለሉን መታ።

«እሱን ደግሞ እኔም አውቃለሁ» አሉ አባባ። «በእሱ ፊት፣ ልጄን ሰጠሁ። እሱ ይባርክ።»

ሙሽራ ጓዳ ሆና ዝም ትላለች ነው ደንቡ። በር አልሰበርኩም፤ የማልኩት ይህን ብቻ ነው። ግን ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በፊት፣ መንገድ ላይ እስኪሰማ ድረስ፣ ከቀርከሃው ጀርባ «አሜን!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ።